ፖሊሽ ማሽኑና የ1971ዷ ቮልስ፣ ከአራት ወር በኋላ

ሳላዞር ልንገራችሁ። አሮጌ መኪና በትርፍ ጊዜያችሁ እያደሳችሁ ከሆነና ቀለሙ ከላሜራው ላይ ካልተላቀቀ፣ እንደገና ለማስቀባት ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት እንቅስቃሴ ያለው ፖሊሽ ማሽን ግዙ። እኔ ከአራት ወር በፊት ገዛሁ፣ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ ከእጄ ወርዶ አያውቅም። በጣም የወደድኩለት ነገር አለ፣ ያናደደኝም አለ። ሁለቱንም እጽፋለሁ።

መኪናዋ የ1971 ቮልስ ናት። ቀለሟ ሰማያዊ ነው፣ ግን እኔ ጋ ስትመጣ ሰማያዊ ለማለት ያስቸግር ነበር። ኮፈኗና ጣሪያዋ ኖራ የተነሰነሰባቸው ይመስሉ ነበር። በጣት ጠረግ ስታደርጉት ጣታችሁ ላይ ሰማያዊ ዱቄት ይቀራል። ያየ ሁሉ "ይሄማ አልቆለታል፣ ገፍፈህ አስቀባው" ይለኛል። ልሰማቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ። የያዘኝ ነገር ቢኖር ይህ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ቀለም መሆኑ ነው። ማስቀባት ለሚቀጥለው ዓመትም ይደርሳል፣ ይህ ግን አንዴ ከተገፈፈ ከየትም አይመጣም።

ደግሞም ያ ዱቄት እንደሚመስለው የሞት ምልክት አይደለም። የዚያን ጊዜ መኪኖች አብዛኞቹ እንደ አሁኖቹ ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባለው ብርጭቆ መሳይ ሽፋን የላቸውም። የመጨረሻው ሽፋን ቀለሙ ራሱ ነው። ፀሐይና አየር ላይ ላዩን ያደርቁታል፣ የደረቀው ይነጣል፣ ከሥሩ ግን ጤነኛ ቀለም ይኖራል። የማሽኑ ሥራ ያንን የደረቀውን በጣም በስሱ ማንሳት ነው። የእናንተም መኪና እንዲህ መሆኑን ለማወቅ ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጉና የማይታይ ቦታ ላይ አሹት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም ማለት ነው። ካልያዘ ክሊር አለው፣ ያኔ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ የዘመኑ መኪና ክሊር አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፣ የሰው ፀጉር እንኳን ወደ 70 ይጠጋል።

ወደ ማሽኑ ልምጣ። ፖሊሽ ማሽን በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ግራይንደር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሽከረከራል። የለመደ ሰው ሲይዘው ፈጣን ነው። ያልለመደ ሲይዘው ግን አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከቆየ ያግላል፣ ጠርዝ ላይ ቀለሙን እስከ ላሜራው ይበላል፣ ምንም ሳይበላ ቢያልፍ እንኳን መኪናው ፀሐይ ላይ ሲወጣ የሚታይ የክብ ክብ ጭረት ጥሎ ይሄዳል። እኔ የገዛሁት ሁለተኛውን ነው። ስፖንጁ የሚለጠፍበት ሳህን በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል፣ እየተሽከረከረ ደግሞ ከመሃሉ ወጣ ብሎ ይዞራል። ሞተሩ በጉልበት የሚያዞረው ይህን ወጣ ብሎ የሚዞረውን ብቻ ነው። በራሱ ዙሪያ መሽከርከሩ ግን ነጻ ነው፤ ስለዚህ ከልክ በላይ ከተጫናችሁት ወይም ካዘነበላችሁት ይቆማል። መጀመሪያ ቀን ይህን ሳይ ተበላሽቶ የመጣ መስሎኝ ልመልሰው ነበር። አሁን ግን የከፈልኩት ለዚህ ጠባዩ ነው እላለሁ። እጃችሁ ሲሳሳት ሥራውን ያቆማል፣ ቀለም በቀላሉ አይበላም።

ችግሩ መቆሙ በዓይን አይለይም፣ ምክንያቱም መንቀጥቀጡ ይቀጥላል። እህቴ መብራት ይዛልኝ ቆማ "ወንድምዬ፣ ይሄ ነገር እኮ እየዞረ አይደለም፣ ዝም ብሎ ነው የሚንዘፈዘፈው" ስትለኝ ሩብ ሰዓት ያህል ያለ ሥራ ቆሜ እንደነበር ገባኝ። ከዚያ በኋላ ሳህኑ ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ ወፍራም ጥቁር መስመር አሰመርኩ። መስመሩ እየዞረ ከታየ እየሠራ ነው፣ አንድ ቦታ ከቆመ ጫናውን ቀነስ ማድረግ ነው። እናንተም ማሽኑን ከሳጥኑ እንዳወጣችሁ ይህን መስመር አስምሩ።

የኔው ሳህኑ 125 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከመሃሉ ወጣ ብሎ የሚዞርበት ክብ ስፋት ደግሞ 15 ሚሊ ሜትር። ጣሪያ ላይና በሮቹ ላይ ግሩም ነው። ቮልስ ላይ ግን ለጥ ያለ ቦታ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ፓራፋንጎዎቿ ድቡልቡል ናቸው፣ ኮፈኗ ወደ ታች ይጎብጣል፣ የመብራቶቹ ዙሪያማ እጅም በደንብ አይገባበት። ትልቁ ሳህን እዚያ ላይ ሲደርስ ግማሹ አየር ላይ ይቀርና ጥቁሩ መስመር ቀጥ ይላል። ለነዚህ ቦታዎች 75 ሚሊ ሜትር ሳህን ያለው ትንሽ ማሽን ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ይህን ስገዛ የነገረኝ ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። መኪናችሁ እንደኔዋ ክብ ከሆነችና አንድ ማሽን ብቻ የምትገዙ ከሆነ ወጣ ብሎ የሚዞርበት ስፋት 8 ሚሊ ሜትር የሆነውን እዩት፤ ሥራው ይዘገያል፣ ጉብጥብጥ ያለ ቦታ ላይ ግን ቶሎ አይቆምም። ሣጥን ሣጥን የሚመስል መኪና ካላችሁ 15ቱን ያዙ።

አሁን ያናደደኝን ልንገራችሁ። አብረውት በሳጥኑ የመጡት ሦስት ስፖንጆች አይረቡም። ጠንካራው በሁለተኛው ቀን ከቬልክሮው ላይ ተላቀቀ፣ ሙጫው ግሎ ቀልጧል። ማሽኑ እየሠራ እያለ ነው የተላቀቀው፤ ቶሎ ባላነሳው ኖሮ የሳህኑ ፕላስቲክ በሩን ይፍቀው ነበር። ሌላ ስፖንጅ ለብቻው ገዛሁ፣ ብዛት ያለው። ሌላው የፍጥነት መቀየሪያው ነው። ልክ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አድርገውታል፣ ሳታስቡት ከ4 ወደ 6 ይዘላል። ገመዱም አጭር ነው። ማራዘሚያ ስትቀጥሉ መጋጠሚያው ኮፈኑ ላይ እንዳይንጎዳጎድ ገመዱን በትከሻችሁ ላይ አሳልፉት። ሲነሳ ግን ቀስ ብሎ ነው፣ አይዘልም፣ ፖሊሹን ግድግዳ ላይ አይረጭም። ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል ስለሚመዝን ጣሪያ ላይ ራሱን ችሎ ይሠራል ማለት ይቻላል፣ በር ላይ ግን ክንድ ይገድላል። ግማሽ ሰዓት እየሠራችሁ ጣታችሁን አሳርፉ፣ መንቀጥቀጡ ያደነዝዛል።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም "ገዛሁት ግን ምንም አልለወጠልኝም" የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። መኪናው መታጠብ ብቻውን አይበቃም። ከታጠበ በኋላ ስስ ላስቲክ እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ላሜራውን ዳብሱት፤ ሸካራ ነገር ከተሰማችሁ ቀለሙ ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ አለ። ክሌይ የሚባለው ሊጥ መሳይ ነገር ይህን ያነሳል፣ ሁልጊዜ ግን እርጥብ አድርጋችሁ ነው። ክሌዩ መሬት ከወደቀ ጣሉት፣ አትሰስቱ። ከዚያ ጎሚኒውን፣ የመስታወቱን ዙሪያና ኒኬሉን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ቮልስ ላይ ደግሞ በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል የምትሄደውን ቀጭን ጥቁር ላስቲክ እንዳትረሱ። እኔ አንዷን ረሳሁ፣ ፖሊሹ ገብቶባት ነጭ ሆና ደረቀች፣ በጥርስ ብሩሽም አልለቀቀችም። ደግነቱ ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተች እንዲህ ያለው ትንሽ ዕቃ ዛሬም አዲስ ይሠራላታል፣ ለወጥኳት።

ሥራውን ጥላ ሥር፣ ላሜራው ቀዝቃዛ ሲሆን ጀምሩ። ስፖንጁ ላይ አራት አምስት የሽምብራ ፍሬ የሚያክል ጠብታ ይበቃል። ማሽኑን ሳታስነሱ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቦታ ላይ ለድፉት፣ በዝቅተኛ ፍጥነት አሰራጩት፣ ከዚያ ፍጥነቱን ወደ 4 ወይም 5 አውጡና ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ቀስ ስል በሰከንድ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ማለቴ ነው። መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ እየደረበ፣ አራት አምስት ጊዜ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ትንሽ ቦታ ላይ ለስላሳውን ስፖንጅና ቀላሉን ፖሊሽ ሞክሩ። እሱ ከሠራ ጠንካራውን አትንኩት። የኔ ጣሪያ በቀላሉ ተመለሰልኝ፣ ኮፈኑ ግን ጠንካራውን ጠየቀኝ።

የመጀመሪያዋን ግማሽ ሜትር ስጨርስ ስፖንጁን ገልብጬ አየሁት። ቢጫ የነበረው ድፍን ሰማያዊ ሆኗል። ደንግጬ ነበር፣ ቀለሙን የጨረስኩት መስሎኝ። ከዚያ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ሳብስ ከሥሩ የወጣው ሰማያዊ ጥልቅ ያለ፣ እርጥብ የሚመስል ነበር፣ የመብራቱ አምፖል ውስጡ ይታያል። ከጎኑ ያልተነካው ኖራ እንደመሰለ ነው። እኔና እህቴ ዝም ብለን ቆመን አየነው። ክሊር የሌለው ቀለም ላይ ስፖንጁ እንዲህ ቶሎ ስለሚሞላ እያንዳንዱ ቦታ ሲያልቅ በብሩሽ ማጽዳት፣ ሁለት ሦስት ቦታ ከተሠራ በኋላ ደግሞ መለወጥ ግድ ነው። በጠገበ ስፖንጅ መሥራት ያነሳችሁትን ቆሻሻ መልሶ መቀባት ነው። ማስክም አድርጉ፣ እጃችሁንም ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ፤ የድሮ የመኪና ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል።

ጠርዞቹን በማሽን አትሂዱባቸው። ቀለም ከሁሉ ስስ የሚሆነው ጠርዝ ላይ ነው። የኮፈኑን አፋፍና የበሮቹን ሽንሽን በእጄ፣ በጨርቅ ነው ያሸሁት። ሁለት ምሽት ፈጅቷል።

ማሽኑ የማይሠራውንም ልንገራችሁ። ጥፍራችሁን ስታሳልፉበት ቀጥ የሚያደርግ ጭረት አይጠፋም፣ ለማጥፋት ብላችሁ አትቆፍሩ። ዝገት ላይም ምንም አያደርግም። ቮልስ ውስጥ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ አሲዱ እየፈሰሰ ወለሉን ይበላዋል። የኔንም በልቶት ስለነበር መጀመሪያ ያንን አስበየድኩ፣ ፖሊሹ ከዚያ በኋላ መጣ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፤ ወለሉ የተበሳ መኪና ላይ ጣሪያ ማብረቅ ጊዜ ማባከን ነው። ኒኬሉን ደግሞ የኩሽና አሉሚኒየም ፎይል በውኃ አርሼ አሸሁት። አሉሚኒየሙ ከኒኬሉ ስለሚለሰልስ ቀላል ዝገት ያነሳል፣ ኒኬሉን አይፍቅም። የፊትና የኋላ ፓራውልቶቹ በአንድ ከሰዓት ተመለሱ።

መጨረሻ ላይ ካርናውባ ሰም ቀባኋት። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚወጣ ሰም ነው፣ የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ፀሐይ በቀላሉ አያወርደውም። ዕድሜው ግን አጭር ነው፣ በየሁለት ሦስት ወሩ ደግሜ እቀባለሁ። ክሊር የሌለው ቀለም ሰም ካላገኘ ተመልሶ ኖራ ይሆናል።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር አለ። ሁሉም ነገር ደብዝዞ ሳለ መኪናዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀለም ትመስል ነበር። ፖሊሽ ከተደረገች በኋላ የግራው የፊት ፓራፋንጎ ሌላ ሰማያዊ ሆኖ ብቅ አለ፣ ትንሽ አረንጓዴ የሚነካካው። ማግኔት ሳስጠጋበት ሁለት ቦታ ላይ አልያዘም፣ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ። ድሮ ተገጭታ ነበር ማለት ነው። የቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን ስለሚታሰር ፈትቶ ሌላ መግጠም ከባድ አይደለም፣ ጓደኞቼም እንዲያ አሉኝ። እኔ ግን ለጊዜው አልነካሁትም። በትንሹ ማሽን ሁለት ጊዜ ሄድኩበት፣ ሰሙን ቀባሁት፣ አሁን እንደ ሌሎቹ ያበራል፣ በራሱ ሰማያዊ።