አሮጌው የገጠር ምድጃ ከ3 ዊንተር በኋላ፦ አትንቀሉት፣ ግን መጀመሪያ ይሄን አረጋግጡ

አየርላንድ ሮስኮመን ገጠር 6 ኤከር ቦታ ላይ ከገባን 3 ዊንተር አለፈን። ዶሮ አለን፣ ጥቂት በጎች አሉን፣ ከቤቱ ጋር አብሮ የመጣ ትልቅ የብረት ምድጃም አለ፣ እዚህ ሬንጅ ይሉታል (የአስፋልቱ ሬንጅ እንዳይመስላችሁ)። ከዱብሊን ወጥተው የገጠር ቤት የሚፈልጉ ሰዎች "ያንን አሮጌ ብረት ነቅለን እናውጣው ወይ" እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው የምጽፈው። ስለ ብራንድ አይደለም የማወራው፣ ቦይለር ስላለው ስለዚህ የምድጃ አይነት ነው።

ባንድ በኩል እሳቱ ይነዳል፣ ባንድ በኩል ኦቨን ነው፣ ላዩ ሙሉ ብረት፣ ከእሳቱ ጀርባ ደግሞ ውሃ የሚያሞቅ ቦይለር አለው፣ ፓምፕ ውሃውን እየገፋ ወደ ራዲያተሮቹ ይልከዋል። በአንድ እሳት ታበስላላችሁ፣ ትታጠባላችሁ፣ ቤት ታሞቃላችሁ። ጠዋት ከባዶ ካነደዳችሁት ኦቨኑ ዳቦ እስኪችል አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ስለዚህ ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍኖ ማደር ነው፣ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት፣ ጠዋት ገለጥ ስታደርጉት ቀይ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

የምናነደው ተርፍ ነው። ቦግ ከሚሉት ረግረግ መሬት እንደ ጡብ ተቆርጦ የሚደርቅ ጥቁር አፈር፣ በሺህ አመታት የተጠራቀመ ሳርና ቅጠል ማለት ነው። የመጀመሪያ ቀን ጭሱ ሲሸተኝ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ ኩበት ነው እኮ! ቁርጥ ኩበት አይደለም፣ ትንሽ ለስለስ ይላል፣ ግን ዘመዱ ነው። ጸደይ ላይ በማሽን ተቆርጦ መሬት ላይ ይሰጣና ቆዳው ጠንከር ሲል ጎንበስ ብሎ አራት አምስቱን እርስ በርስ እያስደገፉ ማቆም ነው ንፋስ እንዲገባው፣ ወገብ ይቆርጣል። ብቻችንን አልቻልነውም፣ ጎረቤቶች መጥተው አቆሙልን፣ እኛም ሄደን የነሱን አቆምን፣ በአይሪሽ ሜሃል ይሉታል፣ የኛው ደቦ ነው።

ከ2022 ኦክቶበር 31 ጀምሮ ግን ተርፍ በሱቅና በኢንተርኔት መሸጥ ክልክል ነው፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። የቦግ መብት ያለው ሰው ለራሱ መቁረጥ ይችላል፣ ስለዚህ ቤት ስታዩ ቦግ አብሮት አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ እንጨት ነው፣ እሱም በደንብ የደረቀ፣ እርጥብ እንጨት እውነተኛውን ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ጭስ ማውጫው ውስጥ ያጋግራል፣ አንድ ቀን እሱ ራሱ እሳት ይይዛል።

ማብሰል ላይ፣ ሽሮና ወጥ የትም እንደዚህ አይጥምም፣ ጥግ ላይ አድርጋችሁት ቀስ እያለ ሲንተከተክ ይውላል። ጎረቤታችን ያስተማሩኝ የሶዳ ዳቦ እርሾ የለውም፣ ዱቄት፣ ጨው፣ ሶዳና አሬራ ብቻ ነው፣ ኦቨኑ ውስጥ 45 ደቂቃ። እንጀራ ግን ያስቸግራል፣ ከእሳቱ በላይ ያለው ጎን ይፋጃል ሌላው ጎን ቀዝቃዛ ነው፣ ምጣዱን ካላዟዟራችሁት ግማሹ አይን ያወጣል ግማሹ ድፍን ሆኖ ይቀራል። ባለፈው ማርች ደግሞ ውጪ በዝናብ የተወለደች ግልገል አፏ ቀዝቅዞ አገኘናት፣ በፎጣ አድርቀን በካርቶን ምድጃው ስር አስቀመጥናት፣ ከእናቷ ያለብነውን እንገር በቱቦ ሰጠናት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ካርቶኑን በሰኮናዋ ስትቧጭር ሰማን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጃንዋሪ 24 2025 አርብ ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ በ5ኛው ቀን፣ ኤዎዊን የሚባለው አውሎ ነፋስ መጣ፣ ጎልዌይ ሜስ ሄድ ላይ በሰዓት 183 ኪሎሜትር ተመዘገበ፣ ወደ 768,000 ደንበኛ መብራት ጠፋበት። የኛም ሌሊት ላይ ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ እሳቱ ግን አይቆምም፣ ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ እየፈላ መሄጃ ያጣል። ቧንቧው ውስጥ ሰው በመዶሻ የሚደበድብ ይመስል ነበር፣ ልጆቹ ከእንቅልፋቸው ተነስተው አለቀሱ። ለዚህ ጊዜ ተብሎ ሙቀቱን ያለ ፓምፕ በራሱ የሚቀበል አንድ ራዲያተር መኖር አለበት፣ የኛ ሻወር ቤት ውስጥ አለ፣ ግን ከዚያ በፊት የሰራልን የቧንቧ ሰራተኛ መዝጊያ ገጥሞበት ነበር፣ መዝጊያውም ተዘግቷል! እዛ ራዲያተር ላይ መዝጊያ ጭራሽ አይገጠምም። በእጄ ከፈትኩት፣ ባለቤቴ የእሳቱን አየር ዘግቶ ፍሙን አመድ አለበሰው፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ድምጹ ጠፋ። እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይረበሻል።

ከዛ በኋላ 9 ቀን ሙሉ ያለ መብራት ቆየን፣ የጉድጓዱ ፓምፕም ስለማይሰራ ውሃ በጀሪካን እያመላለስን፣ ግን ቤታችን ሞቃት ነበር፣ ሁሉ ነገራቸው በኤሌክትሪክ የሆነ ጎረቤቶች ማሰሮአቸውን ይዘው መጡ፣ ቡናም ምድጃው ላይ ቆላን።

ከ5 ውስጥ 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በየቀኑ ባልዲ ሙሉ አመድ መጥረግ ስላለ፣ በጋ ላይ ደግሞ ለሻይ ብሎ እሳት ማንደድ ስለማይሆን ሌላ ማብሰያ ስለሚያስፈልግ ነው። ልትገቡበት ያለው ቤት ውስጥ ካለ፣ የቧንቧ ሰራተኛው እናንተ ቆማችሁ ፓምፑን አጥፍቶ ያለ ፓምፕ የሚሞቀው ራዲያተር የቱ እንደሆነ ያሳያችሁ፣ እጃችሁን አድርጋችሁ ሙቀቱን እዩ፣ መዝጊያ ካለው ያንኑ ቀን አስነሱት። ከሰል አፍኖ ስንት ሰው እንደገደለ እናውቃለን፣ የካርበን ሞኖክሳይድ (የሚያፍነው ጋዝ ማለት ነው) አላርምም ሳትገጥሙ አታንድዱ።