የብላክቦርድ ቀለም ለሰፈር አጥር ይሆናል? ቀብተን አየነው

ሰላም፣ ሰፈርተኛው ሀሳቡን በቾክ የሚጽፍበት አጥር ሰርተን ስለነበር ቀለሙ እንዴት ነው ላላችሁኝ ልመልስ። ሀሳቡ የኛ አይደለም፣ ኬንዲ ቻንግ የምትባል አርቲስት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሰው የማይኖርበት ቤት ግድግዳ ጥቁር ቀብታ "ከመሞቴ በፊት…" የሚል ጅምር ደርድራ ቀሪውን ለአላፊ አግዳሚው ተወችው፣ በነጋታው ሞልቶ አገኘችው። ዛሬ እንደሱ ዓይነት ግድግዳ ከ70 በላይ አገር ውስጥ አለ።

ቀለሙ አሪፍ ነው፣ በሮለር ሁለት እጅ ይበቃዋል። ልስኑ ሸካራ ከሆነ ግን ቾክ ይበላል። እኛ የተበላሸንበት ሌላ ቦታ ነው፣ የቀለሙ ቆርቆሮ ላይ 3 ቀን ጠብቁ ይላል ማን አንብቦት፣ በማግስቱ አስጻፍንበት። ሲደርቅ ደግሞ መጀመሪያ ቾኩን በጎኑ ይዞ ሙሉውን አሽቶ መጥረግ ነው፣ ካለዛ የመጀመሪያው ጽሑፍ ጥላው አይለቅም። የአንዱ ጎረምሳ "እወድሻለሁ" ይኸው እስካሁን አለ፣ የልጅቷን ስም ግን ቀድሞ ራሱ አጥፍቶታል 😂

ከቀለሙ በላይ የሚወስነው ጥያቄው ነው። መጀመሪያ "ለሰፈሬ የምመኘው…" ብለን በስቴንስል (ፊደሉ ተቆርጦ በወጣለት ሉህ) አተምን፣ ሰላም፣ ፍቅር፣ ልማት፣ የኳስ ክለብ ስም፣ በቃ። ቀይረን "ማታ በዚህ ሳልፍ የሚያስቸግረኝ…" ስንለው ሰዉ ተነቃቃ። አንዲት እናት "ልጄ እኔ አይኔ እምቢ ብሏል፣ አንተ ጻፍልኝ" አሉና የቱቦው ክዳን አስጻፉኝ፣ ጽፌ ስጨርስ "የቱ እንደሆነ በለው እንጂ፣ ጥጉ ጋ ያለው ሦስተኛው!" ብለው አስጨመሩኝ።

ዝናብ ጠራርጎ ይወስደዋል፣ ስለዚህ ማታ ማታ ፎቶ አንሱት። እኛ አንድ ሳምንት ረስተን የሰው ሀሳብ ውሃ በላው፣ አንዳንዱም ተቀይሞ ድጋሚ አልጻፈም። የቀረውን አሳትመን ለሰፈሩ ኮሚቴ ሰጠን፣ ክዳኑ ተገጠመ፣ የመንገድ መብራቱ ገና ነው።

ለቀለሙ ከ5ቱ 4 ሰጥቻለሁ። ታችኛውን መስመር ለልጆች ተዉላቸው፣ ቾክ ደግሞ በፓኬት አታስቀምጡ፣ ማታ አንድም አይተርፍም።