አልዩ አምባ ደርሶ መልስ ስንት ነው?

ፍራንክፈርት ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ከደብረ ብርሃን ያመጣሁት የገብስ ቆሎ አልቋል፣ ንዴቴ ግን አላለቀም። ወደ አንኮበርና ከሥሩ ወዳለችው የድሮ ገበያ ከተማ፣ ወደ አልዩ አምባ፣ ለመሄድ ያሰባችሁ የውጭ ነዋሪዎች ካላችሁ ይህችን አንብቡ። ሂዱ። ግን እንደኔ አትሂዱ።

እኔን የወሰደኝ አንድ ሱቅ ነው። የአባቴ አባት አልዩ አምባ ገበያ ዳር ሱቅ ነበረው፤ ጨው፣ አቡጀዲ፣ መርፌና ክር፣ በኋላ በኋላ ደግሞ ላምባ ይሸጥ ነበር። ቤቱን የሠራው የእሱ አባት ነው ይባላል። አባቴ ገና በልጅነቱ መርካቶ ገብቶ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የተመለሰው ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም ለለቅሶ ነው። አሁን ሰማንያን አልፏል፣ ጉልበቱም እምቢ ብሎታል። “በሩ አለ ወይ? እሱን ብቻ አይተሽ ንገሪኝ” አለኝ።

ደብረ ብርሃን ሁለት ሌሊት አደርኩ። ሆቴሉ ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹም ሰው አክባሪ ናቸው። ሙቅ ውሃ “ይመጣል” አሉኝ፤ በሁለተኛው ቀን ማታ መጣ። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ለምን እዚህ ከተማ እንደተተከለ የገባኝ በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ሦስተኛ ብርድ ልብስ ስጠይቅ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ሳቀችብኝ። “ጀርመን አይበርድም እንዴ?” ይበርዳል እህቴ፣ ቤት ውስጥ ግን አይበርድም። ቁርስ ላይ የቀረበው ጨጨብሳ ሁሉንም አስረስቶኛል፣ ስለ ሆቴሉ ከዚህ በላይ አልወቅስም።

አሁን ወደ መኪናው።

መኪናውን ያገኘነው የአክስቴ ልጅ በሚያውቀው ደላላ በኩል ነው። ደብል ጋቢና፣ ከነሹፌሩ፣ ከነነዳጁ፣ ከደብረ ብርሃን አንኮበርና አልዩ አምባ ደርሶ መልስ፣ 9 ሺህ ብር። ስንነጋገር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን ሁለታችንም ሰምተናል። “አልዩ አምባ” የሚለውን እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በር ላይ እንገኛለን አሉ።

12 ሰዓት ላይ ያለኝን ልብስ ሁሉ ደራርቤ በር ላይ ቆምኩ። 1 ሰዓት ላይ “እየመጣ ነው።” 1 ሰዓት ተኩል ላይ “ናፍጣ ወረፋ ይዞ ነው።” 2 ሰዓት ላይ “ቀድቷል፣ እየወጣ ነው።” 2 ሰዓት ከ40 ላይ ስልኩ አይነሳም። መኪናው የመጣው 3 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። አጠገቤ ቆሎ የምትሸጠው እናት ከኔ ብሳ ተናድዳ “እንዲህ ነው እንግዳ የሚቀበሉት!” እያለች ምርቃት ጨመረችልኝ። ጀርመን ባቡር አይዘገይም የሚላችሁን አትመኑ፤ ይዘገያል፣ አብዝቶ ይዘገያል። ግን ሰሌዳው ላይ 40 ደቂቃ ይላችኋል፣ ሄዳችሁ ቡና ትጠጣላችሁ። “እየመጣ ነው” የተባለ መኪና ግን ቡና አያስጠጣም፤ አሁን መጣ፣ አሁን መጣ እያሉ መገተር ነው።

የአንኮበሯ ከተማ ጎረቤላ ስንደርስ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

“በቃ፣ የኔ እዚህ ድረስ ነው።”

“አልዩ አምባስ?”

“እሱ ቁልቁለት ነው። ፍሬን ይበላል። ለብቻው ነው የሚታሰበው።” 4 ሺህ ብር።

ለደላላው ደወልን፤ “ከሹፌሩ ጋር ተስማሙ” አለ። ሹፌሩ “እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ ባለቤቱን አናግሩ” አለ። የባለቤቱ ስልክ ዝግ ነው። የአክስቴ ልጅ ወደ ጎን ሳበኝና “አንቺ ዝም በይ፣ አፍሽን በከፈትሽ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል” አለኝ። አማርኛዬ ምን ሆነ? እኔ እንደ ድሮዬ የማወራ ይመስለኛል፤ ለካ ንግግሬ ውስጥ ዩሮ ይሰማል። ተከራክሮ ተከራክሮ 2,500 ላይ አቆመው።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ማታ ስንመለስ ከደብተር ላይ የተገነጠለ ወረቀት ጠበቀን። የሹፌር አበል 800። የሰዓት ጭማሪ 1,500፣ እሱም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ተቆጥሮ! በብርድ የቆምኩባት እያንዳንዷ ደቂቃ ተመልሳ እኔው ላይ ታስባለች። ከሥር “ልዩ ልዩ 700” ይላል። ልዩ ልዩው ምንድን ነው ስለው ደላላው ምንም ሳያፍር “መንገዱ ራሱ ልዩ ልዩ ነው” አለኝ። ድምሩ 14,500። ዩሮ ካለሽ ደግሞ ይሻላል፣ ተባልኩ፤ የሰጠኝ ምንዛሪ ግን ከባንኩም ያነሰ ነበር። ደረሰኝ ስል ሁለቱም እኩል ሳቁ። የሰዓት ጭማሪውንና ልዩ ልዩውን አስፍቄ 12,300 ከፈልኩ።

መጀመሪያውኑ 14 ሺህ ነው ቢሉኝ ምናልባት እሺ እል ነበር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ዓመቱን ሙሉ “አገሬ፣ አገሬ” ስል ከርሜ፣ አገሬ ስገባ የመጀመሪያው የሚያየኝ ሰው የሚያየው ቦርሳዬን ነው። እናንተ ስትሄዱ ዋጋውን በጽሑፍ፣ በመልእክትም ቢሆን፣ የሚደረስበትን ቦታ ስም ጠቅሳችሁ ተቀበሉ። ቀብድ ከግማሽ በላይ አትስጡ። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ ደላላ ሁሌም “ሰላም ነው” ነው የሚለው።

በነገራችን ላይ አንኮበር ላይ በሒሳብ የተጣላሁት የመጀመሪያዋ እኔ አይደለሁም። ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከባሕሩ ወደብ ከታጁራ አንኮበር ድረስ መጥቷል። ላባቱ የሚባል አንኮበር ቤት የነበረው ሸሪኩ አስቀድሞ ሞቶ ስለነበር፣ የሟቹ አበዳሪዎች ሁሉ ራምቦን ከበቡት። ንጉሡም መቀመጫቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ አዛውረው ነበር፤ እዚያው ድረስ ተከትሏቸው ሄዶ ዋጋውም ተቆረጠበት፣ የሟቹ ዕዳም ከሒሳቡ ላይ ተቀነሰበት። ልዩ ልዩ የሚል ይኑርበት አይኑርበት እንጃ እንጂ ስሜቱ ይገባኛል።

ጎረቤላ ላይ የያዝነው አስጎብኚ ግን ሌላ ዓለም ነው። ዋጋው ተለጥፏል፣ ደረሰኝ ቆርጦ ሰጠኝ፣ ሽቅቡን ስወጣ ቦርሳዬን ያዘልኝ። ከቤተ መንግሥቱ የቀረው የግንብ ቁራጭ ነው፤ ኮረብታው ላይ በተሠራው ሎጅ ቁጭ ብላችሁ ቆላውን ስታዩት ግን ነገሥታቱ ለምን እዚህ እንደተቀመጡ ይገባችኋል፤ ከአዋሽ በኩል የሚመጣው ሁሉ ከሥራችሁ ነው። ልጁን የምወቅሰው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እንግሊዞቹ የመጡት ለምኒልክ ነው ብሎ ድርቅ አለ። የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ካፒቴን ሃሪስ የመጣው በ1833 ዓ.ም. ክረምት ለምኒልክ አያት ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነው፤ የንግድ ውሉም በኅዳር 1834 ተፈረመ። ምኒልክ ያኔ ገና አልተወለደም። ነገርኩት፤ “አንቺም ከጉግል ነው” አለኝ። ከጉግል አይደለም፣ ከአባቴ ነው።

ሃሪስ ወደ ላይ የወጣበት መንገድ ነው እኛ ወደ ታች የወረድንበት። አልዩ አምባ ከአንኮበር ሥር፣ ደጋው ከቆላው በሚገናኝበት ጉብታ ላይ ናት። ከላይ ሆናችሁ ድንጋይ ብትወረውሩ የሚደርስ ይመስላል፣ 2,500 ብር የሚያስከፍል ግን አይመስልም። ከተማዋን የፈጠራት ግመል ደጋ አለመውጣቱ ነው። ከታጁራና ከዘይላ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የመጣ ቅፍለት ፋሬ ላይ ቀረጡን ይከፍላል፣ ሸክሙ ከግመል ወርዶ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ሽቅቡን ይያያዘዋል። አልዩ አምባ የሚገናኘው እንግዲህ አርጎባው፣ ሐረሪው፣ አፋሩና የደጋው ገበሬ ነው። ከቆላ ጨው፣ ከባሕር ማዶ ጨርቅ፣ መዳብና ዶቃ ይመጣል፤ ከደጋና ከዚያም ወዲያ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወርዳል። ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1834 ዓ.ም. መጥቶ እዚሁ ከተማ ለወራት ተቀምጧል፣ አብዛኛውንም በወባ ተኝቶ።

ዛሬ ከመኪና ስትወርዱ ይህን ሁሉ የሚነግራችሁ ሰሌዳ የለም። ባጃጅ፣ የማሽላ ጆንያ፣ ሻይ ቤት፣ ጥላ ሥር የተኙ ፍየሎች። የአያቴን ስም ይዤ ሦስት ሰው ጠየቅሁ። ሦስተኛው ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብለው የሚሸምኑ ሽማግሌ ናቸው። መወርወሪያውን እጃቸው ላይ እንደያዙ ቀና አሉ።

“የማን ልጅ ነሽ?”

ነገርኳቸው። “የባለ ሚዛኑ! አልሐምዱሊላህ” ብለው ድሩን እንደተወጠረ ትተው ወጡ። ቁልፉ ከጎን ሻይ ቤት ነበር፣ እሳቸው አመጡልኝ።

ሱቁ ትንሽ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ያደግሁት ቤት መርካቶን የሚያህል መስሎኝ ነበር፤ ሦስት እርምጃ በአራት። የድንጋይ ግድግዳ በጭቃ የተያያዘ፣ በላዩ የዛገ ቆርቆሮ። ጨው የሚደረደርበት መደብ አሁንም አለ፣ ዛሬ የማሾ ጆንያ ተቀምጦበታል። ከወጋግራው ላይ ሚዛን የሚንጠለጠልበት ብረት እንደተቀጠቀጠ ቀርቷል። ሽማግሌው የበሩን መቃን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና እጄን ይዘው እሱ ላይ አደረጉልኝ፤ በቢላ የተጫሩ ጭረቶች፣ አጫጭር፣ ጎን ለጎን።

“ዱቤ ነው። የወሰደ ሰው ይጫርበታል። ሲከፍል ይፋቃል።”

“ያልተፋቀውስ?”

“ያልተፋቀው ያልከፈለ ነዋ” ብለው ሳቁ። “አባቴም አንዱ ይሆናል።”

ውጭ ሹፌሩ ጥሩንባ መንፋት ጀመረ።

ስለ ገበያው ጠየቅኳቸው። ገበያው የሞተው ሦስት ጊዜ ነው አሉኝ። አንዴ ንጉሡ አንኮበርን ትተው አዲስ አበባ ሲገቡ። አንዴ ባቡሩ ሲመጣ፤ ይህን አባቴም ሲናገር ሰምቻለሁ፣ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ የባሕሩ ዕቃ በዚህ በኩል መምጣቱን ተወ። ሦስተኛው ጣሊያን የደሴን መንገድ በጣርማ በር ዋሻ አሳልፎ በደብረ ሲና ሲያወርደው ነው። ከዚያ በኋላ አያቴ የሚሸጠው ለመንገደኛ ሳይሆን ለጎረቤት ሆነ።

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላም ነገሩኝ። አጠገቡ አብዱል ረሱል የሚባለው ገበያ ሰው የሚሸጥበት ነበር፤ ከየአገሩ የተነዳው ሁሉ በዚያ አልፎ ወደ ባሕር ይወርዳል። ይህን አባቴ ነግሮኝ አያውቅም። ቤቱን የሠራው ቅድመ አያቴ ከጨው በቀር ሌላ ነግዶ እንደሆነ ልጠይቃቸው አፌ ላይ መጣ። አልጠየቅኩም። መደቡን አየሁት፣ ጆንያውን አየሁት፣ ስልኬን አውጥቼ በሩን ማንሳት ጀመርኩ።

ኔትወርኩ ምስል አይሸከምም፣ በድምፅ ለአባቴ ደወልኩ። በሩ አለ አልኩት። ዝም አለ። ቀጥሎ የጠየቀኝ “የታችኛው ማጠፊያ ብረት ነው ወይስ ጠፍር?” የሚል ነው። ተንበረከክሁ። የላይኛው ብረት ነው፤ የታችኛው እንደ እንጨት የደረቀ ጠፍር፣ አራት ቦታ በምስማር የተመታ። በልጅነቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ የሰበረው እሱ ነው፤ ስለሱ የበላውን ግርፊያ እስከ ዛሬ ያስታውሳል።

ለሽማግሌው ብር ስዘረጋ እጄን መለሱት። “የባለ ሚዛኑ ልጅ አትከፍይም” አሉና ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ። ከእሳቸው አንድ ነጠላ ገዛሁ፣ ለእሱም ቢሆን ከጠሩት ዋጋ ላይ ሳልጠይቃቸው ቀነሱልኝ።

አዲስ አበባ ስገባ አባቴ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ። ጭረቶቹ ላይ መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጠረገ። ከዚያ ስልኩን መለሰልኝና ለመኪናው ስንት እንደከፈልኩ ጠየቀኝ። ዘጠኝ ሺህ ብዬ ዋሸሁት።

“ተወዶብሻል” አለኝ።