ሆም፣ ፕሮ ወይስ ከነሰርቨሩ? ለቢሮ ኮምፒውተር ለምትገዙ

ደሴ ፒያሳ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ስለ ራምና ስለ ዲስክ አጥብቆ ይጠይቃል፤ የዊንዶውሱን ዓይነት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አንድ የኮምቦልቻ ቢሮ አሥራ ሁለት ላፕቶፕ ገዝቶ «ቫይረስ አስቸግሮናል፣ ፍላሽ እንዳይቀበሉ አድርግልን» ብሎ ጠራኝ። ስከፍታቸው ሁሉም ዊንዶውስ ሆም ናቸው። በጣም አዘንኩ።

ሆም የግሩፕ ፖሊሲ (ማሽኑ ምን እንደሚፈቅድና እንደሚከለክል የሚወስን ደንብ) ማስተካከያ የለውም፤ ዶሜን ውስጥም (ከአንድ ሰርቨር የሚተዳደር የማሽኖች ስብስብ) አይገባም። ለቤትና ለተማሪ ይበቃል። ፕሮ ሁለቱንም ይችላል። ሆምን ኋላ ወደ ፕሮ ማሳደግ ይቻላል፣ ግን ለእያንዳንዱ ማሽን እንደገና መክፈል ነው።

ፕሮ ብቻውን ሲሆን ደንቡን በየማሽኑ እየዞራችሁ ታስገባላችሁ። ለአምስት ስድስት ማሽን ከዚህ በላይ ወጪ አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ «ፍላሽ ከልክል» የሚለውን ደንብ «ኢኔብልድ» (ሥራ ላይ ይዋል) ስትሉት ፍላሹ ይዘጋል እንጂ አይከፈትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ማሽኑ ሲበዛ ግን ሰርቨር ግዙ። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (ዶሜኑን የሚያስተዳድረው የዊንዶውስ ሰርቨር ክፍል) ላይ አንዴ የተጻፈውን ደንብ ማሽኖቹ በየ90 ደቂቃው ገደማ ራሳቸው እየመጡ ያያሉ። ለሂሳብ ክፍል አንድ፣ ለመጋዘን ሌላ ደንብ ማውጣት ይቻላል። ማሽኑ ላይ በእጅ ካስገባችሁት ጋር ከተጋጨ የዶሜኑ ያሸንፋል። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ቢዘጋም ቀድሞ የደረሰው እገዳ ማሽኑ ላይ ይቆያል። ወጪው ግን ከበድ ይላል፦ ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ቢያንስ የ16 የፕሮሰሰር ኮር ፈቃድ ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ ሰርቨሩን ለሚጠቀም ለየተጠቃሚው ወይም ለየማሽኑ «ካል» የሚባል ፈቃድ አለ። ሻጩ ዋጋ ሲነግራችሁ ካሉ ተደምሮ እንደሆነ ጠይቁት።

ሊኑክስ የሚያውቅ ባለሙያ ካላችሁ በዊንዶውስ ሰርቨር ፈንታ ሳምባ የሚባል ሶፍትዌር አለ። ነፃ ነው፤ በ2012 እንደ አውሮፓውያን ከወጣው 4.0 ጀምሮ ዶሜን ማስተዳደር ይችላል፣ የዊንዶውስ ማሽኖችም ደንቡን ይቀበሉታል። ደሴ አንድ፣ ኮምቦልቻ አንድ ሰርቨር ለማቆም ካሰባችሁ ግን ሳምባ የደንቡን ፋይሎች በሁለቱ መካከል በራሱ አያመሳስልም፤ ሌላ መላ ማበጀት የእናንተ ሥራ ነው።

ኢንቲዩን የሚባለው የማይክሮሶፍት ማሽን ማስተዳደሪያ በኢንተርኔት የሚሠራ ነው፤ በየወሩ በሰው ቁጥር ይከፈላል። ሠራተኞቻችሁ በየመስኩ የተበተኑ ካልሆነ አልመክረውም።

ለኮምቦልቻው ቢሮ አሥራ ሁለቱንም ወደ ፕሮ አሳድገን፣ ለጊዜው ደንቡን በእጅ አስገባን። ሰርቨሩን ለቀጣዩ በጀት ይዘውታል።