ከአልጋው በፊት ክፍሉን ለሚለኩ አናጺ ምስጋና

ይህን የምጽፈው አልጋችንን የሠሩልንን አናጺ በአደባባይ ለማመስገን ነው፤ አልጋ ለመግዛት ወይም ለማሠራት ለምታስቡም እሳቸውን እጠቁማለሁ። እንጨት አሳምሮ የሚሠራ ባለሙያ አይጠፋም። እኚህ ሰው ግን ትልቁን አልጋ ሠርተው የበለጠ ማግኘት ሲችሉ ትንሹ እንደሚበጀን በሜትር ለክተው ያሳዩን ናቸው።

እኔና ባለቤቴ የፈለግነው ስፋቱ 180 ሴንቲሜትር የሆነ አልጋ ነበር። ስደውልላቸው «ልጄ፣ አልጋው ይቆየን፤ መጀመሪያ ክፍሉን ልየው» አሉኝ። መጥተውም መለኪያቸውን ከማውጣታቸው በፊት የመኝታ ቤቱን በር እስከ መጨረሻው ከፍተው ዘጉት፤ የቁም ሳጥኑን በሮች አንድ በአንድ ከፈቱ፤ ሶኬቱና መስኮቱ የት እንዳሉ አዩ። ቀጥለው ባለቤቴን ቁመቱን ጠየቁት። 1 ሜትር ከ84 መሆኑን ሲነግራቸው «እንግዲያው 190 ያጥርሃል፤ ርዝመቱ 200 ይሁን» አሉት። ስሌታቸው ቀላል ነው፤ በረጅሙ ተኚ ቁመት ላይ 15 ሴንቲሜትር ያህል ይጨምራሉ። ሰው በጀርባው ሲተኛ የእግሩ ጣቶች ወደ ፊት ይዘረጋሉ፣ ትራሱም ከራስጌው ትንሽ ያርቀዋል።

ስለ ስያሜ የነገሩኝን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። «ኪንግ» የሚባለው አልጋ በአሜሪካ 193 በ203 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ በእንግሊዝ በዚሁ ስም የሚሸጠው 150 በ200 ነው። የእንግሊዙ ኪንግ ከአሜሪካው «ኩዊን» እንኳን በጥቂቱ ያንሳል፤ ኩዊኑ 152 በ203 ነውና። የካሊፎርኒያ ኪንግ የሚባል ደግሞ አለ፤ 183 በ213 ስለሆነ ከተለመደው ኪንግ ጠባብ ግን ረጅም ነው። በሌሎች ብዙ አገሮች 90፣ 140፣ 160 እና 180 እየተባለ በስፋቱ ይጠራል፣ ርዝመቱም አብዛኛውን ጊዜ 200 ነው። ስለዚህ ፍራሽ ከአንድ ቦታ፣ አልጋ ከሌላ፣ ባለላስቲክ አንሶላ ከሦስተኛ ቦታ የሚገዛ ሰው ስሙን ትቶ ሴንቲሜትሩን ይጠይቅ።

ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት ግን ወለሉ ላይ የሠሩትን ነው። ክፍላችን ስፋቱ 310፣ ርዝመቱ 340 ሴንቲሜትር ነው። ሰፊ ይመስላል። አናጺው ነጭ ፕላስተር አውጥተው የአልጋውን ዙሪያ ወለሉ ላይ አሰመሩ፤ ያሰመሩትም የፍራሹን ልክ ሳይሆን የእንጨቱን የውጭ ልክ ነው። በእያንዳንዱ ጎን ለአንሶላው መጠቅጠቂያ አንድ ሴንቲሜትር ክፍተት፣ ለሳንቃው ውፍረት ሁለት ሴንቲሜትር ሲታሰብ 180 የነበረው 186 ይሆናል። በራችን 80 ሴንቲሜትር ነው፣ የሚከፈተውም በአልጋው ጎን ነው። ለበሩ 84 ሲተውለት በሌላው ጎን የቀረው 40 ብቻ ሆነ። «እስቲ በዚያ እለፊ» አሉኝ። ትከሻዬን አዙሬ በጎኔ አለፍሁ። ኮመዲኖ ይቅርና አንሶላ ለማንጠፍ የሚጎነበስ ሰውም እዚያ ይቸገራል። ፕላስተሩን ነቅለው ባለ 160ውን፣ ማለትም ከነእንጨቱ 166 የሚሆነውን ሲያሰምሩ የበሩ 84 እንዳለ ሆኖ በወዲያኛው በኩል 60 ተገኘ። ባለቤቴም እኔም ተመላልሰን ሞከርነው። ክርክሩ እዚያው አበቃ።

በርዝመቱም በኩል እንዲሁ ነው። እኛ የወደድነው 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ የተለበጠ ራስጌና ከፍ ያለ ግርጌ ነበር። ከፊት ለፊቱ 60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ቁም ሳጥን ስላለ በመካከል የሚተርፈው 57 ነው፤ የቁም ሳጥኑ በር ደግሞ 50። በሩ ይከፈታል፣ የሚከፍተው ሰው ግን የት ይቁም? ራስጌውን ወደ 4፣ ግርጌውንም ከፍራሹ በማይበልጥ ባለ 3 ሳንቃ ለወጡትና መተላለፊያው 73 ደረሰ።

የጠበበ ክፍል አለኝ ብላችሁ ደግሞ ያለ ልክ እንዳትወርዱ። ባለ 140 አልጋ የሁለት ሰው ተብሎ ይሸጣል፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 70 ሴንቲሜትር ነው። በአሜሪካ መደበኛው የሕፃን አልጋ ፍራሽ ስፋቱ ከዚህ እምብዛም አይለይም። ለአንድ ሰው 140 ድሎት ነው፤ ለሁለት ጎልማሶች በየምሽቱ መገፋፋት ነው። እኛ ባለ 160ው ላይ ሰማንያ ሰማንያ ተካፍለን ተመችቶናል።

ስለ ሥራው ጥራት ባጭሩ ልናገር። ርብራቡን ያለ ስስት ነው የደረደሩት፣ በሁለት እንጨቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ7 ሴንቲሜትር አይበልጥም፤ ሲሰፋ የስፖንጅ ፍራሽ በክፍተቱ ይሰረጉዳልና። መሃሉን የሚሸከም አግዳሚ ከነእግሮቹ አስገብተዋል። ማዕዘኖቹ በብሎን የሚፈቱ ስለሆኑ ቤት ስንቀይር አልጋው በበር አልወጣም ብሎ አያስጨንቀንም። ከፍታውን ከፍራሹ ጋር 50 ሴንቲሜትር አድርገውታል። ቁጭ ስል እግሬ ወለሉን በደንብ ይረግጣል፣ ስነሳም ጉልበቴን አይከብደኝም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳውቅ፦ ለሚቸኩል ሰው አይሆኑም። ፍራሹን በእጃቸው ሳይለኩ እንጨት አይቆርጡም፤ ባለ 160 ተብሎ የተሸጠ ፍራሽ በአንድና በሁለት ሴንቲሜትር ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላልና። መጠበቁ እኔን ፈጽሞ አላስቆጨኝም።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስልካቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትደውሉላቸው የክፍሉን ርዝመትና ስፋት፣ በሩ ወደ የት እንደሚከፈት፣ የቁም ሳጥኑን ጥልቀትና የረጅሙን ሰው ቁመት ይዛችሁ ደውሉ፤ የመጀመሪያ ጥያቄዎቻቸው እነዚህ ናቸው። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ የደረጃውን መታጠፊያ ስፋትም ለኩ፤ አልጋው ተፈትቶ ይወጣል፣ ወፍራም ፍራሽ ግን እንደልብ አይታጠፍም።