«ፔዳሉ ምን ይላል?» ብሎ ለጠየቀው መካኒክ ምስጋና

ሰኞ ሥራ የምትሄዱበትን መኪና ቅዳሜ ሰሚት ፖይንት የመኪና ውድድር ትራክ ላይ ለምታወጡ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ልጆች ነው ይህ ጽሁፍ። የፍሬን ሸራ ከመግዛታችሁ በፊት አሌክሳንድሪያ ያለውን የኛን ልጅ ጠይቁት። እጁ ይባረክ!

ትራክ የምናወጣት ቶዮታ 86 መኪናችን እሱ ጋ ከመድረሷ በፊት ሁለት ጋራዥ ዞራለች። አንዱ ንጹህ የውድድር ሸራ ገጠመባት። እንዲህ ዓይነቱ ሸራ ካልጋለ በደንብ አይዝም፤ በጠዋት ብርድ መጀመሪያው መብራት ላይ ስትረግጡት መኪናው ይሄዳል፣ ሲሞቅ ያፏጫል፣ ሸራው የሚይዘውን ክብ ብረት፣ ዲስኩንም ይበላል። ሌላኛው ደግሞ መሪው ሲንቀጠቀጥ «ዲስኩ ተጣሟል» ብሎ ቀየረና ገንዘቡን ተቀበለ። ሁለት ወር ሳይሞላ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ሦስተኛ ዲስክ ሊገዛ ነበር እንግዲህ።

ይህኛው ሸራ ከማውራቱ በፊት «ፔዳሉ ምን ይላል?» አለ። ለስልሶ ወደ ወለሉ ከወረደ ዘይቱ ፈልቷል፤ ጠንክሮ እያለ መኪናው አልቆምም ካለ ሸራው ነው ከአቅሙ በላይ የጋለው። መልሱ «ይለሰልሳል» ነበር። ከፍሬን ዘይቱ ትንሽ በጠርሙስ ቀድቶ ብርሃን ላይ ያዘው፤ ጥቁር ቡና! አዲስ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 155 ይወርዳል። ረጅሙ ቀጥታ አልቆ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ በየዙሩ ስትረግጡ ይህ አይበቃም። ከ300 ዲግሪ በላይ የሚችል የውድድር ዘይት ሞልቶ ከአራቱም ጎማ አየሩን አስወጣ። (ዶት 5 ቁጥሩ ቢበልጥም ሲሊኮን ነው፣ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ግን ሲሊኮን አይደለም።)

የዲስኩን ውፍረት በማይክሮሜትር ዙሪያውን ስምንት ቦታ ለካው። ብረቱ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ገና ሩቅ ነበር። «ይሄ አልተጣመመም፣ ሸራው ነው የተለጠፈበት፤ ዲስክ አልሸጥልህም» አለ። ከትራክ ወጥቶ የጋለ ፍሬን ረግጦ መቆም ሸራውን አንድ ቦታ ያትመዋል፤ የእጅ ፍሬኑ የኋላውን ሸራ በሚጨምቅ መኪና ላይ እሱን መሳብም ያንኑ ያደርጋል። በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ አለቀ። ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው የካሊፐሩ ፒን ደርቆ የውስጥኛውን ሸራ ከውጭኛው በላይ እንዳስበላውም ያየ እሱ ነው። ፒኑን ጠርጎ ሙቀት የሚችል ግሪስ ቀባው፣ ለዚህም አላስከፈለም። ሌላ ቦታ ፒን ለመጥረግ ስንት ይጠየቃል!

ለሸራው ፌሮዶ ዲኤስ 2500ን መረጠ፣ ፊትም ኋላም አንድ ዓይነት። ኋላው ከፊቱ በላይ ከነከሰ መኪናው ይዞራል። በተራ የመንገድ ጎማ ለሚነዳ ይበቃል፤ ቀዝቃዛም ሆኖ ይይዛል። ትንሽ ያፏጫል፣ ጎማውንም በአቧራ ያጠቁራል፣ ይህንን ቀድሞ ነገረን። የውድድር ጎማ የሚገጥም ሰው ግን ለመንገዱም ለትራኩም አንድ ሸራ አይፈልግ፤ ትራክ ላይ ሲደርስ ይቀይር።

ገጥሞም ቁልፍ አልወረወረም። አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ ራሱ ነድቶ ፍጥነቱን በሰዓት ከ60 ወደ 10 ማይል ስምንት ጊዜ ሳያቆም በፍሬን ቀነሰው፣ ከዚያ አስር ደቂቃ ፍሬን ሳይነካ አየር አስመታው። ሸራው ግማሽ ሲደርስ ለትራክ ቀይሩት ብሎ አዘዘ፤ ሲሳሳ ሙቀቱ ሸራውን ወደሚገፋው ፒስተንና ወደ ዘይቱ ያልፋል።

ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍ። ቅዳሜ ስለሚሞላበት በሳምንቱ መሃል ደውሉ። ፔዳሉ ምን እንደሚል ማሰብ አትርሱ፣ መጀመሪያ እሱን ነው የሚጠይቃችሁ።