የቬፕ ሴንሰር በተማሪዎች መጸዳጃ ቤት፦ ገጥመን ያየነው

ለመግዛት የቸኮለ ካለ ውጤቱን ከፊት ልንገረው። ሴንሰሩ ይሠራል። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቬፕ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ሲጨስ ያውቃል፣ ወዲያው ስልክ ላይ መልእክት ይልካል። ማን እንዳጨሰ ግን አያውቅም። ሻጮች ይህችን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፏታል። እኔ ግን ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ስለ እሷ ነው፤ ልጆች የሚጎዱት እዚያ ላይ ነውና።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነኝ። የተማሪዎች ሥነ ምግባር ጉዳይ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚመጣው። ከዚያ በፊት ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ስለዚህ ዕቃው ሲመጣ መጀመሪያ ያደረግኩት ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነው። የገጠምነውን ሞዴል ስም አልጠራም። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ውስጣቸው ስለሚቀራረብ፣ የምለው ነገር ሌላ ሞዴል ለሚገዛም ይጠቅማል።

ከውጭ ሲያዩት ኮርኒስ ላይ የሚለጠፍ ነጭ ክብ ነገር ነው። የእሳት ጭስ ማስጠንቀቂያ ይመስላል። ውስጡ ትንሽ ፋን አለ፤ ከክፍሉ አየር እየሳበ ያስገባል። አየሩ በሌዘር ብርሃን ፊት ሲያልፍ ደቃቅ ቅንጣቶች ብርሃኑን ይበትኑታል፣ የተበተነውን ብርሃን የሚያነብ ሌላ ክፍል ደግሞ ቅንጣቶቹን ይቆጥራል። ከጎኑ ተለዋዋጭ የኬሚካል ጋዞችን የሚለይ ሴንሰር አለ፤ እርጥበትና ሙቀት የሚለካም አለ። ሶፍትዌሩ እነዚህን አንድ ላይ አይቶ «ይህ ቬፕ ነው» ይላል።

የቬፕ ፈሳሽ በብዛት ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ነው። ማጣፈጫና ኒኮቲን ይጨመርበታል። ሲሞቅ የሚወጣው በጣም ደቃቅ ጠብታ ነው፣ አብዛኛው ከአንድ ማይክሮሜትር በታች። ሴንሰሩ የሚቆጥረው እነዚህን ጠብታዎች እንጂ ኒኮቲኑን አይደለም። ኒኮቲን የሌለበት ቬፕም ያው ነው ለእሱ። ይህን የማያውቅ መምህር «መሣሪያው ኒኮቲን አገኘብህ» ብሎ ልጅ ፊት ይናገራል። እንዲህ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መሣሪያው እንደዚያ የሚል ነገር አላወጣም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስልኬ እረፍት አልነበረውም። ከስፖርት ክፍለ ጊዜ በኋላ ልጆቹ ገብተው ዲዮድራንት ይረጫሉ፣ አላርም። ፀጉር ላይ የሚረጭ ስፕሬይ፣ አላርም። ጠዋት ተማሪ ሳይገባ የሚመጣው ደግሞ ግራ አጋብቶን ነበር። ነገሩን የፈቱት የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው። «እኔ መስታወቱ ላይ ስረጭ ነው እኮ የሚጠሩኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ማጽጃውን ጨርቁ ላይ አፍስሰው መጥረግ ጀመሩ፣ የጠዋቱ አላርም ቀረ። የኩባንያው ቴክኒሻን ይህን አልነገረንም። እሱ የነገረን ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም በትንሽ ነገር የመንቃት አቅሙን፣ እንድንቀንስ ብቻ ነው። ያንንም አደረግን፤ ጠቅሟል። ግን ሲቀነስ ቀስ ብሎ የሚያጨስ ልጅም አብሮ ያመልጣል።

እርጥበትም ሌላ ችግር ነው። አየሩ በጣም ሲረጥብ ቅንጣቶቹ ውሃ ይዘው ያብጣሉ፣ ሌዘሩም ከእውነቱ በላይ ይቆጥራል። ሻወር ያለበት መልበሻ ክፍል ውስጥ መግጠም የሚያስብ ካለ ይህን ያስብበት።

ቦታ መምረጥ ከሞዴል ምርጫ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። የመጀመሪያውን የገጠመልን ሰው ከአየር ማስወጫው አጠገብ አድርጎት ነበር፣ ገመዱ እዚያ ስለቀረበለት። ማስወጫው ጭሱን ሴንሰሩ ሳያየው ይስበዋል። መጸዳጃ ቤቱ ማንጎ ማንጎ እየሸተተ ሴንሰሩ ዝም ይላል! ወደ መጸዳጃ ክፍሎቹ መሃል ሲዛወር ሌላ ዕቃ የተገዛ መሰለን። ከእጅ ማድረቂያውም ማራቅ ያስፈልጋል፤ ንፋሱ ሁሉንም ይበትነዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

አላርሙ ይመጣል። ስልኬን አያለሁ፣ ኮሪደሩን አቋርጣለሁ። ስደርስ ጭሱ የለም። ጠብታው በደቂቃ ውስጥ ተንኖ ይጠፋል። ያሉት እጃቸውን የሚታጠቡ ልጆች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ አጭሶ ይሆናል። ወይም ያጨሰው ልጅ እኔ ሳልደርስ ወጥቷል። አንድ ጊዜ አንድ መምህር ቀድሞኝ ደረሰና በር ላይ ያገኛትን ልጅ ቦርሳዋን አስከፈታት። ጓደኞቿ ቆመው ያያሉ። ከቦርሳው የወጣው ደብተርና የወር አበባ መጠበቂያ ነው። ልጅቷ እያለቀሰች «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ነው የገባሁት፤ ምን አደረግኩ?» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅናት፣ ወላጆቿንም ጠርተን ይቅርታ ጠየቅን። ከዚያ በኋላ በጽሑፍ ደንብ አወጣን፦ አላርም ብቻውን ማስረጃ አይደለም። በአላርም ብቻ ቦርሳ አይፈተሽም፣ ቅጣት አይሰጥም። ይህ ደንብ ሳይጻፍ ሴንሰሩ መበራት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ምን ጠቀመ? ለእኔ የዕቃው ትልቁ ዋጋ ልጅ በመያዝ ላይ አይደለም። ሰሌዳው ነው። ሶፍትዌሩ አላርሞቹን በሰዓትና በቦታ አስቀምጦ ያሳያል። ስናየው ሁለት ዓይነት ነገር ተለየ። አንዱ የእረፍት ሰዓት ነው። ልጆች በቡድን ይገባሉ፣ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀምሳሉ። እዚያ ኮሪደር ላይ መምህር ቆሞ ሰላም እያለ ሲውል ነገሩ በጣም ቀነሰ። ሁለተኛው ዓይነት በትምህርት መሃል የሚመጣው ነው። ክፍለ ጊዜው ተጋምሶ፣ ኮሪደሩ ጭር ባለበት ሰዓት። ይህ ብቻውን የሚገባ ልጅ ነው። ጓደኛ ለማስደሰት አይደለም የገባው፤ እስከ እረፍት መቆየት አቅቶት ነው።

ይህን ስናይ ጥያቄያችን ተቀየረ። «ማን አጠፋ?» ማለት ትተን «ማን ሱስ ይዞታል?» ማለት ጀመርን። የሥነ ልቦና አማካሪያችን ያለ ቅጣት ማነጋገር እንደምትችል በየክፍሉ ዞራ ተናገረች። አንድ ልጅ ራሱ መጣ። «ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መምህሩ የሚናገረው አይገባኝም፤ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ላይ ነው» አለ። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ውጤቱ ለምን እንደወረደ ማናችንም አላወቅንም ነበር።

እዚህ ላይ የኬሚስትሪ መምህርነቴ ይመጣብኛል። ተራ ኒኮቲን ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ጀማሪ ልጅ ብዙ መሳብ አይችልም። ጁል የተባለው የአሜሪካ ቬፕ እ.ኤ.አ. በ2015 ገበያ ላይ ሲወጣ ኒኮቲኑን ከቤንዞይክ አሲድ ጋር አዋህዶ ጨው አደረገው። አሲዱ መቧጠጡን ያለዝበዋል። ስለዚህ አምስት በመቶ ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ ልጅ ሳይስል ይስበዋል። ዛሬ ብዙዎቹ የሚጣሉ ቬፖች ይህንኑ መንገድ ነው የሚከተሉት። የልጆች አእምሮ ደግሞ እስከ 25 ዓመት አካባቢ ገና እየተገነባ ነው፤ ኒኮቲን ትኩረትንና ትምህርት የመቀበል ችሎታን ይነካል። ይህን የማውቅ ሰው ልጁን ከትምህርት አግጄ ቤት ብልከው ምን አደረግኩለት? ቀኑን ሙሉ ከቬፑ ጋር ብቻውን ይውላል።

የሴንሰሩ ገበያ የተስፋፋው አሜሪካ ውስጥ ነው። የአገሪቱ የጤና ኃላፊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የወጣቶች ቬፕ ወረርሽኝ ሆኗል ብለው ሲያውጁ ትምህርት ቤቶች መፍትሔ ፍለጋ ገቡ። በአገሪቱ ብሔራዊ የወጣቶች የትምባሆ ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 27.5 በመቶው በቅርቡ ቬፕ ተጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ቁጥሩ ወደ 7.8 በመቶ ወርዷል። ይህን ቁልቁለት ለሴንሰር ብቻ መስጠት ግን ትክክል አይሆንም። በመሃሉ የመግዣ ዕድሜ 21 ሆኗል፣ አንዳንድ ጣዕም ያላቸው ምርቶች ተከልክለዋል፣ በኮቪድ ጊዜ ትምህርት ቤት ራሱ ተዘግቷል። ሻጭ ይህን ቁጥር ይዞ ቢመጣ ይህንን አስታውሱት።

ማይክሮፎኑን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው። ብዙ ሞዴሎች ጩኸትና ጠብ ለመለየት ተብሎ ማይክሮፎን ይገባላቸዋል። ድምፅ አይቀዳም፣ መጠኑን ብቻ ነው የሚለካው ይባላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ላስ ቬጋስ ውስጥ በተካሄደው የዴፍ ኮን የሀከሮች ጉባኤ ግን ተመራማሪዎች ትምህርት ቤቶች በሰፊው የሚጠቀሙበትን አንድ ሞዴል ሰብረው ወደ ማዳመጫነት ሊቀየር እንደሚችል አሳይተዋል። አምራቹ ከዚያ በኋላ የሶፍትዌር ማሻሻያ አውጥቷል። ጥሩ ነው፤ ግን ልጆች መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሚያወሩት ነገር በማሻሻያ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲኖር አልፈልግም። የእኛን ማይክሮፎን አዘግተናል። ከትምህርት ቤቱ ኔትወርክ ለይተን በሌላ ነው ያገናኘነው፣ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃልም ቀይረናል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ጎድቶናል። ሴንሰሩ እንደተገጠመ «ካሜራ ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። ሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት መግባት አቆሙ። ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉ እንዳሉ የነገረችን የትምህርት ቤቱ ነርስ ናት። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ቀኑን ሙሉ ሳትለውጥ ስትውል ዝም ብሎ ማየት አይቻልም። አንዱን ከኮርኒስ አውርደን በየክፍሉ ይዤ ዞርኩ፣ ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን አሳየኋቸው። ፋኑን፣ የሌዘሩን ሳጥን፣ ሁሉንም። «ሌንሱ የታለ?» ያለች ልጅ ራሷ እንድትፈልግ ሰጠኋት፤ አገላብጣ አጣችው። ወሬው የበረደው በዚያ ነው። ሳትገጥሙ በፊት ይህን አድርጉ።

የልጆቹን ዘዴ ብዙ አልዘረዝርም። ጭሱን ጃኬት እጅጌ ውስጥ የሚተፋ አለ፤ ይህ አንዳንዴ ያመልጣል። ሴንሰሩን በፌስታል የሸፈነም ነበር፤ ለዚህ ለብቻው ማንቂያ ይልካል፣ ያም በደንብ ይሠራል። አንዳንዱ ደግሞ ቦታ ቀይሮ ሌላ ጥግ ያጨሳል። ሴንሰር ከመጸዳጃ ቤት ያስወጣል እንጂ ሱስ አያስወጣም።

ጥገናው ቀላል ነው። ኃይልም መረጃም በአንድ የኔትወርክ ገመድ ይመጣል። አቧራ ሌዘሩን ስለሚያደናግረው በየጊዜው መጽዳት አለበት። ያናደደኝ ግን ዓመታዊ ክፍያው ነው። ክፍያው ሲቋረጥ የእኛ ሞዴል ሰሌዳውን ይዘጋል፣ ማለትም ከሁሉ የሚጠቅመውን ክፍል። ውል ላይ ይህን የሚናገረው መስመር በጣም ደቃቅ ፊደል ነው። ክፍያ ባይኖር ምን እንደሚቀር ሳትፈርሙ በጽሑፍ አስመልሱ።

አማካሪ ለሌለው፣ ወይም አላርም በመጣ ቁጥር ልጅ ለማባረር ላሰበ ትምህርት ቤት ይህን ዕቃ አልመክርም። አማካሪ ላለውና ደንቡን አስቀድሞ ለጻፈ እመክራለሁ። ማይክሮፎን የሌለው ሞዴል ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ። ሁሉንም መጸዳጃ ቤት በአንዴ አትሸፍኑ፤ ሻጩ አንዱን ለሙከራ እንዲገጥም ጠይቁት። ከዚያ ዲዮድራንት ረጩበት፣ መስታወቱን በስፕሬይ አጽዱ፣ እጅ ማድረቂያውን አብሩ። ምን እንደሚል አይታችሁ ዋጋ ተነጋገሩ።